ሺፕ፣ ሺፍ፣ ስኪፕ፦ የጀርማናዊ ቋንቋዎችን የመርከብ ስም ሥርወ ቃል እንዴት እንፈልጋለን?

መርከብን እንግሊዝኛ ሺፕ፣ ጀርመንኛ ሺፍ፣ ደችኛ ስኺፕ፣ አይስላንድኛ ስኪፕ፣ ስዊድንኛ ሼፕ፣ ዴንማርክኛ ስኪብ ይለዋል። ስድስቱ አንድ ቃል መሆናቸውን ጆሮ ወዲያው ይጠረጥራል። ጥርጣሬውን ወደ ማስረጃ መለወጥ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ይህ መመሪያም ስለዚያ ሥራ ነው። ቃሉ ለጀማሪ የተመቸ ነው፤ አጭር ነው፣ በሁሉም የጀርማናዊ ቅርንጫፎች ይገኛል፣ ማስረጃው እስከ 4ኛው ክፍለ ዘመን የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳል። ወጥመድም ሞልቶበታል፤ ለልምምድ የተመረጠውም ስለዚሁ ነው።

ሁለት ነገር አስቀድመን እንናገር። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ሌላው፣ ፊደላችን የአናባቢን ርዝመትም ሆነ የተነባቢን መጥበቅ አያሳይም። የውጭ ቃላቱን እዚህ በፊደል ብንጽፋቸውም እናንተ በማስታወሻችሁ ላይ በየራሳቸው አጻጻፍ ገልብጧቸው። የእንግሊዝኛው ሺፕ አናባቢ አጭር መሆኑ፣ የጀርመንኛው ሺፍ መጨረሻም በሁለት ፊደል መጻፉ ኋላ ላይ ፍርድ ይሰጣል።

የስ-ክ-ፕ ወጥመድ

አማርኛ ተናጋሪ የቃልን ዘር በተነባቢ መያዝ ለምዷል። ሰበረ፣ ስብራት፣ ሰባራ፣ መስበሪያ ሁሉም ከስ-ብ-ር ናቸው፤ አናባቢው ቢለዋወጥም ዘሩ አይናወጥም። ይህን ዓይን ይዞ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሰው ሺፕ (መርከብ)፣ ሺፕ (በግ)፣ ሼፕ (ቅርጽ) እና ሾፕ (ሱቅ) ሲደረደሩለት አንድ ዘር ያገኘ ይመስለዋል። አራቱም በጥንት መልካቸው ስ፣ ክ እና ፕ ነበራቸውና። ነገር ግን አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው።

በጀርማናዊ ቋንቋዎችም አናባቢ ይለዋወጣል፤ ለውጡ ግን የታወቀ መደዳ አለው፤ ከመደዳው የወጣ አናባቢ የሌላ ቃል ምልክት ነው። ስለዚህ ጥርጣሬ ሲገባችሁ እንግሊዝኛውን አፍጥጣችሁ አትዩ፤ እኅት ቋንቋዎቹን ጠይቁ። ጀርመንኛ መርከቡን ሺፍ፣ በጉን ሻፍ ይላል፤ ደችኛ ስኺፕ እና ስኻፕ ብሎ ይለያቸዋል። እንግሊዝኛ ውስጥ ሊገናኙ የደረሱ ሁለት ቃላት እኅቶቹ ዘንድ ተራርቀው ይታያሉ። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በአብዛኛው የዚህ አንድ ጥያቄ ዝርዝር ነው።

ካርዶቹን መሙላት

ለእያንዳንዱ ቋንቋ አንድ ካርድ ያዙ። በካርዱ ላይ ስድስት ነገር ይሰፍራል፦ ቃሉ እንደተጻፈ፣ ቋንቋው፣ ቃሉ የተገኘበት ጽሑፍና ዘመኑ፣ ጾታው፣ ብዙ ቁጥሩ፣ በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለው ትርጉም። ብዙ ሰው ቃሉንና ትርጉሙን ብቻ ይጽፍና ጾታውንና ብዙ ቁጥሩን ይዘላል። ኋላ ሁለት ቃላት ተመሳስለው ሲመጡበት የሚለይበት ያጣል።

ቢያንስ ስድስት የጥንት ካርዶች ያስፈልጋሉ፦ ጎቲክ (የጎቶች የጠፋ ቋንቋ)፣ ጥንታዊ እንግሊዝኛ፣ ጥንታዊ ኖርስ (የጥንት ስካንዲኔቪያውያን ቋንቋ)፣ ጥንታዊ ሳክሰን፣ ጥንታዊ ፍሪስኛ፣ ጥንታዊ የደጋ ጀርመንኛ። ደጋ የተባለው በደቡብ በኩል ያለው ተራራማው አገር ስለሚናገረው ነው፤ በሰሜኑ ሜዳ የሚነገረው የቆላ ጀርመንኛ ይባላል፤ ልዩነቱ ለዚህ ቃል ወሳኝ ነው።

የጎቲኩን ካርድ በዝርዝር እንየው። ጳጳሱ ዉልፊላ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጎቲክ መለሰ። ከትርጉሙ የተረፈው ዋናው ቅጂ በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሐምራዊ ብራና ላይ በብርና በወርቅ ቀለም የተጻፈው የብር ወንጌል ነው፤ ዛሬ ስዊድን ውስጥ በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ከ336 ቅጠሎቹ 188ቱ ተርፈዋል። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር 2 ላይ ኢየሱስ በባሕሩ ዳር ቆመው ያያቸውን ሁለቱን ጀልባዎች ጎቲኩ «ትዋ ስኪፓ» ይላቸዋል።

ከእነዚህ ሁለት ቃላት ሦስት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ ጎቲክ «ሁለት»ን በጾታ ይለያል፤ ለወንድ ትዋይ፣ ለሴት ትዎስ፣ ለግዑዝ ትዋ ነው። ስለዚህ ቃሉ ግዑዝ ጾታ መሆኑን ቁጥሩ ራሱ መሰከረ። ሁለተኛ፣ በ-አ የሚጨርሰው ብዙ ቁጥር የግዑዝ ስሞች ነው። ሦስተኛ፣ ትርጉሙ። እዚህ ላይ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ታንኳ» ነው የሚለው፤ የገሊላ ዓሣ አጥማጆች ጀልባ ነው። ስለዚህ ስኪፕ ከጥንቱ ትልቅ መርከብ ማለት ነበር ብሎ መነሳት አይቻልም። በማንኛውም ውሃ ላይ የሚሄድ ነገር፣ ትንሽም ትልቅም፣ ስኪፕ ነበር።

ሌሎቹ ካርዶች ይስማማሉ። ጥንታዊ እንግሊዝኛ ግዑዝ ጾታ ነው፣ ብዙ ቁጥሩ ሺፑ። ኖርስም ግዑዝ ነው፤ ስኪፕ በነጠላም በብዙም አይለወጥም። የዛሬው ጀርመንኛና ደችኛም ግዑዝነቱን ጠብቀዋል። ጀርመንኛ የአንድን መርከብ መጠሪያ ስም በሴት ጾታ ይጠራል፣ እንግሊዝኛም መርከብን «እሷ» ማለት ይወዳል፤ ይህ ግን ኋላ የመጣ የአነጋገር ልማድ ስለሆነ ካርዱ ላይ የጾታ ማስረጃ ሆኖ አይገባም።

የድምፅ ለውጡን መሞከር

ካርዶቹ ተሞልተው ሲደረደሩ ልዩነቱ ሁለት ቦታ ላይ ይታያል፦ መጀመሪያው (ስክ፣ ሽ፣ ስኽ) እና መጨረሻው (ፕ፣ ፍ፣ ብ)። ከመጨረሻው ጀምሩ፤ ይቀላል።

ጥንታዊ የደጋ ጀርመንኛ ብቻ ስኪፍ ወይም ስኬፍ ይላል፤ ሌሎቹ በፕ ይጨርሳሉ። ይህ የአንድ ቃል አጋጣሚ ነው ወይስ ሕግ? ለማወቅ ከዚህ ቃል ጋር የማይገናኙ ቢያንስ አራት ጥንዶች ፈልጉ። መተኛት በእንግሊዝኛ ስሊፕ፣ በጀርመንኛ ሽላፈን። ጥልቅ፦ ዲፕ፣ ቲፍ። ተስፋ ማድረግ፦ ሆፕ፣ ሆፈን። ክፍት፦ ኦፕን፣ ኦፈን። አራቱም ያው መንገድ ሄዱ፤ ከአናባቢ በኋላ የነበረ ፕ በደጋው አገር ፍ ሆኗል። ስለዚህ ሺፕ እና ሺፍ በሕግ የተያያዙ ናቸው፤ ሕጉ ባይኖር ኖሮ የትርጉማቸው አንድነት ብቻውን አይበቃም ነበር።

የቱ ይቀድማል ለሚለው «አብዛኛው ፕ ስለሚል» ማለት ደካማ መልስ ነው፤ እኅት ቋንቋዎች በድምፅ ብልጫ አይወስኑም። ጠንካራው ማስረጃ ሌላ ነው። ፕ ጥንት ነው ካልን የደጋው ጀርመንኛ አንድ ሥርዓት ያለው ለውጥ አደረገ ማለት ብቻ ይበቃል። ፍ ጥንት ነው ካልን ግን ጎቲክ፣ እንግሊዝኛና ኖርስ እያንዳንዳቸው ፍን ወደ ፕ መለወጥ ነበረባቸው፤ እነዚሁ ቋንቋዎች በሌሎች ቃላት ጥንታዊውን ፍ ሳይነኩ አስቀምጠዋል።

የዴንማርክኛው ስኪብ ራሱን የቻለ ለውጥ አለው፤ ዴንማርክኛ ከአናባቢ በኋላ ፕን አላልቶ ብ አድርጓል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የስዊድን ሩን ድንጋዮች (ሩን በተባለው የጥንት ፊደል በተቀረጹ ድንጋዮች) ላይም ቃሉ «ስኪብ» ተብሎ ተቀርጿል። ኡፕላንድ ውስጥ ስቪኔጋርን በተባለ ቦታ ያለው ድንጋይ ብቻውን መርከብ ስለነበረውና ኢንግቫር በተባለ አለቃ ጭፍራ ወደ ምሥራቅ ስለመራው ልጅ ሲናገር ይህንኑ ይጽፋል። ይህን አይቶ «ስዊድንኛም ያኔ ብ ይል ነበር» ማለት ስሕተት ነው። የዚያ ዘመን የሩን ፊደል 16 ምልክት ብቻ ነበረው፤ ለፕ የተለየ ምልክት ስላልነበረው የብ ሩን ሁለቱንም ይጽፍ ነበር። ጽሑፍ ስታነቡ ፊደሉ የትኛውን ድምፅ መጻፍ እንደሚችል ሳታውቁ ስለ ድምፅ አትፍረዱ።

የመጀመሪያው ክፍል፣ ስክ፣ ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንግሊዝኛ ስክን ገና በጥንቱ ዘመን ሽ አድርጎታል፣ ጀርመንኛም አድርጎታል፣ ስዊድንኛና ኖርዌይኛ ደግሞ እንደ ኢ ካሉ በምላስ ፊት ከሚነገሩ አናባቢዎች በፊት ብቻ ያደርጉታል። ደችኛ መንገድ ላይ ቆሞ ስኽ ይላል፤ አይስላንድኛ ምንም አልነካውም። እያንዳንዱ በየፊናው፣ በየዘመኑ የለወጠው ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛው ሺፕና የኖርዌይኛው ሺፕ አንድ ዓይነት መስማታቸው የቅርብ ዝምድና ምልክት አይደለም።

ይሁን እንጂ ይህ ለውጥ ግሩም መመርመሪያ ነው። በእንግሊዝኛ ስክን ጠብቆ የሚገኝ ቃል በአብዛኛው ከውጭ የመጣ ነው። ስኪፐር (የመርከብ አዛዥ) አገር በቀል ቢሆን ኖሮ ሺፐር ይሆን ነበር፤ ከደች ወይም ከቆላ ጀርመንኛ መርከበኞች አፍ በመካከለኛው ዘመን መጨረሻ የገባ ነው። ስኪፍ (ቀላል ጀልባ) ደግሞ ፍ አለው፣ ስክም አለው፤ ሁለቱ አብረው የደጋ ጀርመናዊ መነሻን ይጠቁማሉ። በእርግጥም ከዚያ ወገን ወደ ጣልያንኛ ስኪፎ ሆኖ ገባ፣ በፈረንሳይኛ ኤስኪፍ ሆነ፣ ከዚያ እንግሊዝ ደረሰ። አንዲት እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር አንድን የጥንት ቃል በሦስት በር ተቀብላ ሺፕ፣ ስኪፐር፣ ስኪፍ ብላ ለየብቻ ታኖራለች።

ኮከቡ

አሁን የጥንቱን ቅርጽ፣ የጥንተ ጀርማናዊን (የሁሉም ጀርማናዊ ቋንቋዎች የጋራ እናት ቋንቋን) ቃል፣ መገንባት ይቻላል፦ ✱ስኪፓ፣ ግዑዝ ጾታ። መጨረሻው አናባቢ በአፍንጫ የሚነገር ነበር፤ በተረፉት ጽሑፎች ውስጥ ወድቋል፤ የሚታወቀው ከሌሎች የዚሁ ወገን ግዑዝ ስሞች ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ኮከብ ጌጥ አይደለም፤ «ይህ ቃል በየትም ተጽፎ አልተገኘም፣ ከእኅቶቹ ተሰልቶ የተገኘ ነው» ማለት ነው። ኮከቡን ዘንግቶ የጻፈ ሰው ስሌትን ማስረጃ አደረገ። ጎቲኩ ስኪፕ ግን ኮከብ አይፈልግም፤ ብራናው ላይ አለ።

ከጀርማናዊ ወዲያ፦ ጥንቃቄ የሚበዛበት ቦታ

ሥራው እስከዚህ ድረስ ጠንካራ መሬት ላይ ነው። ከዚህ ወዲያ መሬቱ ይላላል፤ መዝገበ ቃላት ሲገለብጡ ብዙዎች የሚንሸራተቱትም እዚህ ነው።

ዴንማርካዊው ራስሙስ ራስክ በ1818፣ ጀርመናዊው ያኮብ ግሪም በ1822 ባሳተሙት ሥራ የተገለጸው ሕግ እንደሚለው፣ የጀርማናዊ ፕ ከኢንዶ-አውሮፓዊ (ጀርማናዊ፣ ላቲን፣ ግሪክና ሌሎችም ከወጡበት ጥንተ ቋንቋ) ብ የመጣ ነው። ለምሳሌ የእንግሊዝኛው ዲፕ (ጥልቅ) በሊትዌኒያኛ ዱቡስ ነው። ስለዚህ የስኪፕን ዘመድ ከጀርማናዊ ውጭ የሚፈልግ ሰው ስኪፕ የሚመስል ሳይሆን ስኪብ የሚመስል ቃል መፈለግ አለበት። በላቲን ወይም በግሪክ ስ-ክ-ፕ ያለው ቃል አግኝቶ የተደሰተ ሰው፣ በመመሳሰሉ ምክንያት ብቻ ቃሉን መጣል አለበት። ሌላው ችግር፣ ብ በኢንዶ-አውሮፓዊ ውስጥ እጅግ ብርቅ ድምፅ ነው፤ ስለዚህ በብ የሚጨርስ ዘር መገመት ብቻውን ጥያቄ ያስነሳል።

በየመዝገበ ቃላቱ የምታገኙት ግምት «መቁረጥ፣ መሰንጠቅ» ከሚለው ስኬይ ከሚባለው ዘር ይነሳል። ዘሩ ራሱ አያጠራጥርም፤ የግሪኩ ስኺዜይን (መሰንጠቅ)፣ የላቲኑ ስኪንደሬ (መቅደድ)፣ ዛሬ በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ስኪ ስሙን ያገኘበት የኖርሱ ስኪድ (የተሰነጠቀ እንጨት) ከእሱ ናቸው። ስኪፕም «ተቆርጦ የተቦረቦረ ግንድ» ነበር ይላል ግምቱ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ እነዚህ ዘመዶች ሁሉ ዘሩን ያራዘሙት በድ ወገን ድምፅ እንጂ በብ አይደለም። ለብ የሚቀርበው ማስረጃ ቀጭን ነው፤ በዋናነት ሽኪቢት የሚል «መቁረጥ» ማለት የሆነ የላትቪያኛ ግስ ይጠቀሳል።

ቃልን ከነገሩ ጋር አስተያይቶ ማጥናት የቆየ ስልት ነው፤ በ1909 «ቃላትና ነገሮች» የሚል ስም ያለው መጽሔት በጀርመን የተጀመረለትም ነው። እዚህ ስልቱ ምን ይሰጣል? ከግንድ ተቦርቡሮ የተሠራ ጀልባ በሰሜን አውሮፓ እንደነበር አያጠያይቅም። በ1955 ኔዘርላንድስ ውስጥ ፔሴ ላይ የተገኘው፣ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋው የጥድ ጀልባ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 8000 ዓመት ግድም የተሠራ ነው። ሮማዊው ፕሊኒዩስም በ1ኛው ክፍለ ዘመን የጀርማንያ ወንበዴዎች በአንድ በተቦረቦረ ዛፍ እንደሚቀዝፉ፣ አንዳንዱም 30 ሰው እንደሚይዝ ጽፏል። በሌላ በኩል ዴንማርክ ውስጥ የተገኘው የዮርትስፕሪንግ ጀልባ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ግድም የነበረ ሲሆን ከሳንቃ በሳንቃ የተሰፋ ነው። ሁለቱም ዓይነት ነበሩ። ዕቃው ቃሉ የተወለደው ከየትኛው እንደሆነ አይናገርም፤ ግምቱ ይቻላል ከማለት አልፎ እውነት ነው አያሰኝም።

ከእንጨት ወደ መርከብ የሄደ ስም ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ ጥንታዊ እንግሊዝኛ አሽን ተመልከቱ። አሽ የዛፍ ስም ነው፤ የቫይኪንጎች መርከብም አሽ ተብሏል። የአንግሎ-ሳክሰን ዜና መዋዕል በ896 ንጉሥ አልፍሬድ አሾቹን የሚገጥሙ ረጃጅም መርከቦች እንዳሠራ፣ አንዳንዶቹ 60 መቅዘፊያና ከዚያም በላይ እንደነበራቸው ይጽፋል። ኖርስም ኤይክ (በእንግሊዝኛ ኦክ የሚባለው ዛፍ) ከሚለው ኤይክያ የተባለ የግንድ ጀልባ ስም አውጥቷል። በሁለቱም የዛፉ ስም አጠገባቸው በሕይወት አለ። ለስኪፕ እንዲህ ያለ ጎን ለጎን የቆመ ምስክር የለውም፤ ጉድለቱ ይህ ነው።

ሌላው ሐሳብ ቃሉ ጀርማናዊዎች ወደ ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ከቀደሙት ነዋሪዎች የወሰዱት ነው የሚለው ነው። የቋንቋ አጥኚው ዚግሙንድ ፋይስት በ1932 ባሳተመው ጽሑፍ ከጀርማናዊ ቃላት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ኢንዶ-አውሮፓዊ አይደሉም ብሎ ተከራክሯል፤ የባሕር ቃላትም ዘወትር ከሚጠቀሱት መካከል ናቸው። ዛሬ አሃዙ ተጋንኗል የሚሉ ይበዛሉ። ዘመድ ያልተገኘለትን ቃል ሁሉ ለማይታወቅ ሕዝብ መስጠት ሊመረመር የማይችል መልስ ነው፤ በእኛ ፍርድ ካርዱ ላይ «ከጀርማናዊ ውጭ ምንጩ አልተረጋገጠም፤ መቁረጥ ከሚለው ዘር ጋር የሚያያዙት አሉ» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ሐሰተኛ ዘመዶች

የመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ፍሬንድሺፕ (ወዳጅነት) በሚለው መጨረሻ ላይ ያለው ሺፕ ነው። «ወዳጆች በአንድ መርከብ ስለሚሳፈሩ» የሚል ማብራሪያ በየቦታው ይሰማል። ጀርመንኛን ጠይቁ፦ ፍሮይንትሻፍት። ደችኛን ጠይቁ፦ ፍሪንትስኻፕ። የመርከብ ቃል ቢሆን ሺፍትና ስኺፕ መሆን ነበረበት፤ አናባቢው ግን አ ነው። ቅጥያው የመጣው «መፍጠር፣ መቅረጽ» ከሚለው ዘር ነው፤ ሼፕ (ቅርጽ) የእሱ ዘመድ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በኢንተርኔት ሁለት ገጸ ባሕርያት እንዲፋቀሩ መመኘትን «ሺፕ ማድረግ» የሚሉት ወጣቶችም የተጠቀሙት ሪሌሽንሺፕ (ግንኙነት) ከሚለው የተቆረጠውን ይህንኑ ቅጥያ ነው፤ መርከብ የለበትም።

ሁለተኛው የቦታ ስም ነው። በሰሜን እንግሊዝ ያሉት ስኪፕተንና ሺፕሊ ከባሕር ርቀው የሚገኙ ከተሞች ናቸው፤ ስማቸው የመጣው ከበግ ነው። ስኪፕተን የበግ እርባታ ማለት ሲሆን ስክ የሚለውን ድምፅ የሰጡት በአካባቢው የሰፈሩት ስካንዲኔቪያውያን ናቸው። ካርታ ላይ ውሃ ከሌለ ተጠራጠሩ፤ ውሃ ቢኖርም የጥንቱን አጻጻፍ ሳታዩ አትፍረዱ።

ሦስተኛው የደችኛ ነው። የስኺፕ ብዙ ቁጥር ስኼፐን ነው፤ ኢ የሚለው አናባቢ ክፍት ቀለም (በአናባቢ የሚጨርስ የቃል ክፍል) ውስጥ ሲገባ ረዝሞ ኤ ሆኗል። የከተማ ዳኛ ወይም ሹምም ስኼፐን ይባላል። ይህ ከፈረንሳይኛው ኤሽቨንና ከጀርመንኛው ሼፈ ጋር የሚሄድ ሌላ ቃል ነው፤ ነጠላውም ስኼፐን ነው። ካርዱ ላይ ነጠላና ብዙ ቁጥር ካልተጻፈ ሁለቱ ይቀላቀላሉ።

አራተኛው በጣልያንኛ ጀልባ የሆነው ስኪፎ ነው፤ በዕለት ንግግር ስኪፎ የሚሰማው «መጸየፍ» ለማለት ነው። የኋለኛው መፍራትንና መሸሽን ከሚያመለክት ሌላ ጀርማናዊ ቃል በፈረንሳይኛ በኩል የገባ ነው።

ትርጉሞቹ እንዴት እንደተዘረጉ

ትርጉምን ስትከታተሉ ከዓረፍተ ነገር እንጂ ከመዝገበ ቃላት ርእስ አትነሱ። የጀልባነት ትርጉሙ ቀስ በቀስ ወደ ትልቁ ተጎትቷል። በሸራ መርከብ ዘመን በባለሙያዎች አፍ ሺፕ ማለት በሦስት ምሰሶ ላይ አራት ማዕዘን ሸራ የዘረጋ ብቻ ነበር፤ ሁለት ምሰሶ ያለው ብሪግ እንጂ ሺፕ አይባልም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወደብ ሰነድ የምታነቡ ከሆነ ይህን ካላወቃችሁ የመርከቦቹን ቁጥር ትስታላችሁ።

ጀርመንኛ የዕቃ ትርጉምም አለው። በድሮ የማገዶ ምድጃ ጎን ተሠርቶ ውሃ የሚሞቅበት ማጠራቀሚያ ሺፍ ይባላል። በማተሚያ ቤት የተለቀሙት የእርሳስ ፊደላት የሚደረደሩበት ትሪም ሺፍ ነው። ትንሹ ሺፍ፣ ሺፍሸን፣ የሸማኔ መወርወሪያ ነው፤ የባቄላና የአተር ወገን አበባ ታችኛው ቅጠልም ይኸው ስም አለው። የቤተ ክርስቲያን ረጅሙ መካከለኛ አዳራሽም ሺፍ ነው፤ ይህኛው ግን በቀጥታ ከላቲን ናቪስ (መርከብ) የተተረጎመ ስለሆነ ለጥንቱ የጀርማናዊ ትርጉም ማስረጃ አይሆንም። ለየዘርፉ «አገር በቀል» ወይም «ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመ» የሚል ምልክት አድርጉ፤ ምልክቱ ከሌለ የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ይዞ ቃሉ መጀመሪያ ባዶ ነገር ማለት ነበር ብሎ የሚደመድም ይመጣል።

ሰሜኑ ቃሉን አስተዳደር ውስጥ አስገብቶታል። በኖርዌይ አንድ የጦር መርከብ ከነሰዉ የማቅረብ ግዴታ ያለበት ወረዳ ስኪፕሬይዳ ይባል ነበር፤ በስዊድን ጠረፍ ሼፕስላግ። ሚዛንም አለ፤ የስዊድኑ ሼፕስፑንድ («የመርከብ ፓውንድ») 400 ስኮልፑንድ ሲሆን ወደ 170 ኪሎ ግራም ይመጣል። በጥንት የንግድ ሰነድ ላይ ቃሉን ስታገኙ መርከብ ነው ወይስ ክብደት ነው ብላችሁ ጠይቁ።

የተዋሱትን መከተል

ቃል ከቤቱ ሲወጣ የተቀባዩን ሕግ ይለብሳል። ኖርስ ስኪፓ የሚል ግስ ነበረው፤ ማደራጀት፣ መርከብን በሰው መሙላት ማለት ነው። ቫይኪንጎቹ ከ911 ጀምሮ ኖርማንዲ ሲሰፍሩ ግሱ ወደ ፈረንሳይኛ ገባ። ፈረንሳይኛ ቃልን በስክ መጀመር ስለሚከብደው ኤ ጨመረ፤ ኋላ ስ ወደቀ፤ ኤስኪፔ የነበረው ኤኪፔ ሆነ። ላቲኑ ስኮላ ኤኮል የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ከኤኪፔ የፈረንሳይኛው ኤኪፕ (ቡድን)፣ የስፓኒሹ ኤኪፖ፣ የእንግሊዝኛው ኢክዊፕ (ማስታጠቅ) ወጡ። ፊት ለፊት ሲታዩ ከመርከብ ጋር ምንም የሚያገናኛቸው የለም፤ እያንዳንዱ እርምጃ ግን ሕግ አለው።

ፊንላንድኛ በተቃራኒው ቃል መጀመሪያ ላይ የተነባቢ ድርድርን አይወድም፤ የመርከብ አዛዡን ኪፓሪ ይለዋል፣ ስ ወድቋል። መርከቡን ራሱን ላይቫ ይለዋል፤ ይህ ሌላ የጀርማናዊ የመርከብ ስም፣ ኖርሱ ፍለይ የሚለው፣ በጥንት ዘመን የተዋሰ ነው፤ ፍል ተቆርጦ ል ብቻ ቀረ። ሩስኛው ሽኪፐርም ከደችና ከቆላ ጀርመንኛ ወገን ነው።

ስኪፕ ብቸኛው የመርከብ ስም እንዳልነበረም አትርሱ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የብሪታንያው ጸሐፊ ጊልዳስ ሳክሰኖች በራሳቸው ቋንቋ «ኪዩል» በሚሉት ሦስት ረጃጅም መርከቦች እንደመጡ በላቲን ጽፏል፤ ይህ ጥንታዊ እንግሊዝኛው ቼዮል ነው። የዛሬው እንግሊዝኛ ኪል (የመርከብ ጀርባ አጥንት) ግን በቀጥታ ከዚህ ሳይሆን ከኖርሱ ክዮል እንደመጣ ይታሰባል፤ ለሁለቱ ሁለት ካርድ ክፈቱ።

ሲጠናቀቅ ካርዱ የሚመስለው

«ሺፕ (እንግሊዝኛ)፣ መርከብ። ከጥንታዊ እንግሊዝኛ ሺፕ፣ ግዑዝ ጾታ፣ ብዙ ቁጥር ሺፑ። ከጥንተ ጀርማናዊ ✱ስኪፓ፤ ከጎቲክ ስኪፕ፣ ከኖርስ ስኪፕ፣ ከጥንታዊ የደጋ ጀርመንኛ ስኪፍ ጋር አንድ ነው። የቆየው ትርጉም፦ ማንኛውም የውሃ መጓጓዣ። ከጀርማናዊ ውጭ ምንጩ አልተረጋገጠም። የተዋሱት፦ ስኪፐር (ከደች ወይም ከቆላ ጀርመንኛ)፣ ስኪፍ (በጣልያንኛና በፈረንሳይኛ በኩል)፣ ኢክዊፕ (ከኖርስ ግስ በፈረንሳይኛ በኩል)። የማይዛመዱት፦ በፍሬንድሺፕ መጨረሻ ያለው ቅጥያ፣ ሺፕ (በግ)።»